አማርኛና ጋሞኛ በገረሴ፦ በዘር የተራራቁ፣ በአረፍተ ነገር የተቀራረቡ

ግሪክኛንና ኢንዶኔዥያኛን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚመረምር ሰው ልዩነቱ ወዲያው ጎልቶ ይታየዋል። ግሪክኛ ስሞቹን በሦስት ጾታ ይከፍላል፤ ሙያቸውን በመጨረሻቸው ላይ ያሳያል፤ ግሡም ባለቤቱንና ጊዜውን አብሮ ይሸከማል። ኢንዶኔዥያኛ ለ«እሱ»ም ለ«እሷ»ም «ዲያ» ይላል። ግሡ በጊዜ አይለዋወጥም፤ «ትናንት» ወይም «ነገ» የሚል ቃል ይበቃዋል። ብዛትንም ስሙን ደግሞ በመጥራት፣ «ኦራንግ-ኦራንግ» (ሰዎች) ብሎ ሊገልጽ ይችላል። አንዱ ሕንድ-አውሮፓዊ፣ ሌላው አውስትሮኔዥያዊ ነው፤ ተናጋሪዎቻቸውም ተጎራብተው አያውቁም። ስለዚህ ንጽጽሩ የቋንቋ ዓይነቶችን ጠርዝ በሚገባ ያሳያል፤ ቋንቋዎች አብረው ሲኖሩ ምን እንደሚሆኑ ግን አይነግረንም።

ለዚህኛው ጥያቄ ገረሴ የተሻለች ማስረጃ ናት። ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በጋሞ ደጋ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ የቀድሞው የቦንኬ ወረዳ መቀመጫ ነበረች። የአካባቢው ሕዝብ አፉን የሚፈታው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛ በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤትና ከሌላ አገር ሰው ጋር ይነገራል። ወደ ደቡብ ሲወረድ ደግሞ ኩሻዊ ቋንቋ የሚናገሩት ደራሼዎች አሉ። ሴማዊ፣ ኦሟዊና ኩሻዊ ቋንቋዎች በአንድ የገበያ ቀን ሊገናኙ የሚችሉበት ስፍራ ነው።

ጋሞኛ ከወላይትኛ፣ ከጎፋኛና ከዳውሮኛ ጋር በኦሜቶ ቡድን ውስጥ ይመደባል። ጣሊያናዊው ሞሬኖ እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ ኦሜቶ ሲጽፍ ቡድኑ የሚቆጠረው ከኩሻዊ ቋንቋዎች ጋር ነበር። በ1969 ሃሮልድ ፍሌሚንግ ራሱን የቻለ ቤተሰብ ነው ብሎ ለየው፤ ማርቪን ቤንደርም በ1975 ኦሟዊ በአፍሮ እስያዊ ሥር አዲስ ቤተሰብ መሆኑን በመጽሐፍ አስፍሮ አጸናው። ኖርዌያዊው ሮልፍ ታይል ግን በ2006 ኦሟዊን ከአፍሮ እስያዊ ጋር የሚያዛምደው ማስረጃ በቂ አይደለም ሲል ተከራከረ። ታይል ትክክል ከሆነ ጋሞኛና አማርኛ በዘር የሚራራቁት ግሪክኛና ኢንዶኔዥያኛ የሚራራቁትን ያህል ነው ማለት ነው። ክርክሩ አልተዘጋም። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ የዘር ዝምድናቸው ይህን ያህል የሚያከራክር ሁለት ቋንቋዎች አረፍተ ነገራቸውን የሚሠሩት በአንድ ፕላን ነው።

በሁለቱም ማሠሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በሁለቱም ገላጩ ከተገላጩ፣ ባለንብረቱ ከንብረቱ ይቀድማል። በሁለቱም ተከታታይ ድርጊቶች በቦዝ አንቀጽ ይደረደሩና በአንድ ማሠሪያ ይዘጋሉ። ጠንካሮቹን የ«ጠ»፣ የ«ቀ» እና የ«ጨ» ድምፆች ሁለቱም ያውቃሉ። «አለ» የሚለውን ግሥ ከሌላ ቃል ጋር አጣምሮ አዲስ ግሥ መሥራትም የጋራቸው ነው፦ አማርኛ «ዝም አለ» በሚልበት ቦታ ጋሞኛ «ጮዑ ጊዴስ» ይላል፤ «ጊዴስ» ማለት «አለ» ነው። ቻርልስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1976 እንዲህ ያሉ ባሕርያትን ሰብስቦ ኢትዮጵያ አንድ የቋንቋ ቀጠና ናት ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ግዕዝ ብዙ ጊዜ ግሡን ከባለቤቱ ያስቀድም ነበር። አማርኛ ግሡን ወደ መጨረሻ የወሰደው ከሴማውያን ዘመዶቹ ተምሮ ሳይሆን ከኩሻውያን ጎረቤቶቹ ጋር ኖሮ ነው የሚለው ማብራሪያ አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ወደ ቃል ውስጥ ስንገባ ግን መንገዱ ይለያያል። የአማርኛ ግሥ ከውስጡ ይለዋወጣል፤ ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ሰባበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት። ተነባቢዎቹ ባሉበት ሆነው አናባቢዎቹ ይቀያየራሉ፤ ከፊትም ከኋላም ቅጥያ ይጨመራል። የጋሞኛ ግሥ ሥሩን ይዞ ይቆማል፤ አስደራጊነትም ሆነ ተደራጊነት፣ ጊዜም ሆነ ባለቤት ከኋላው ይቀጠላሉ። «ጊዴስ» እሱ አለ፣ «ጋዱስ» እሷ አለች። ሦስተኛው መደብ እንደ አማርኛው ጾታ ይለያል፤ ሁለተኛው ግን አይለይም። ለወንድም ለሴትም «ኔ» ነው። አንድ የገረሴ ተማሪ ሴት መምህሩን በወንድ አንቀጽ ቢያነጋግራት ድፍረት ወይም ስንፍና አይደለም፤ በአፍ መፍቻው የሌለ ልዩነት እየተጠየቀ ነው።

ሙያ አመልካቾቹም እንዲሁ ናቸው። አማርኛ የታወቀውን ተሳቢ በ«ን» ያመለክታል፤ ባለቤቱን ባዶውን ይተወዋል። ጋሞኛ ተሳቢውን በመሠረታዊ ቅርጹ ትቶ ምልክቱን ባለቤቱ ላይ ያደርጋል፤ በዓለም ቋንቋዎች ዘንድ ብዙ የማይገኝ ሥርዓት ነው። «ከ» እና «ለ» ከስሙ ፊት በሚቀመጡበት ቦታ ጋሞኛ «-ፔ» እና «-ስ»ን ከኋላ ያስከትላል። «ገረሴፔ» ከገረሴ ማለት ነው። «ገረሴን» የሚለው ቅርጽ ደግሞ በአማርኛ ተሳቢ፣ በጋሞኛ ግን «በገረሴ» ነው፤ አንድ ድምፅ፣ ሁለት ሥራ።

የቅርበት ጥያቄ ከመምህራን ክፍል ውጭም ዋጋ አስከፍሏል። ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋንና ዳውሮን በአንድ የጽሑፍ ቋንቋ ለማስተማር «ወጋጎዳ» የተባለው መጽሐፍ ሲመጣ፣ በኅዳር 1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ በተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ የሰሜን ኦሞ ዞንም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። በሥነ ልሳን ረገድ አራቱ በእርግጥ ይቀራረባሉ። ኢንዶኔዥያኛን የወለደው ግን የቋንቋ ቅርበት ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1928 ወጣቶች በራሳቸው ጉባኤ ማሉለት፤ የመረጡትም የብዙኃኑን ጃቫኛ ሳይሆን በማላይ ላይ የቆመውን የንግድ ቋንቋ ነበር። ግሪኮችም ሕዝባዊውን ቋንቋ በይፋ የተቀበሉት ከብዙ ጠብ በኋላ፣ በ1976 ነው። ወጋጎዳ የወደቀው ሰዋስው ስለጎደለው አይደለም፤ ባለቤቶቹ ስላልተጠየቁ ነው።

ዛሬ ጋሞኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ «7» ቁጥር እንኳ ለ«ዕ» ድምፅ ፊደል ሆኗል። ላቲን የአናባቢን ርዝመትና የተነባቢን ጥብቀት ያሳያል፤ የግዕዝ ፊደል ሁለቱንም አያሳይም። በዚህም ሳቢያ ልጁ ሁለት ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ሁለት የአጻጻፍ ልማድ ይማራል።

በእኔ እምነት ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚዘጋጅ የአማርኛ መጽሐፍ ጎንደር ለተወለደ ልጅ ከሚዘጋጀው መለየት አለበት። የአረፍተ ነገር ቅደም ተከተልን በማስተማር ብዙ ገጽ ማባከን አያስፈልገውም፤ ልጁ ያውቀዋል። ጊዜውን ለግሥ ርባታ፣ ለ«አንተ»ና ለ«አንቺ»፣ ለ«ከ»ና ለ«ለ» ይስጥ። ሪቻርድ ሄይዋርድና እሸቱ ቻቦ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት የጋሞኛ-እንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ከሰዋስው መግቢያ ጋር አለ። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች ከዚያ ቢጀምሩ መልካም ነው።