«ምነው ከሳሽ?»

ባለፈው ሰሞን የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ከወለደች አራት ወር ሆኗታል። መቼም ይህ አራስ ጥየቃ አይባልም፤ ክርስትናውም ካለፈ ቆይቷል። ነገር ግን የአባቷ እህት ከሞጣ ይመጣሉ ስለተባለ ሁላችንም ተጠርተናል። ሴትዮዋ የአራሷን ቅቤ ይዘው ለመምጣት ያሰቡት ገና ሕፃኑ እንደተወለደ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ከተነሳ ወዲህ የዚያ አገር መንገድ የሚታወቅ ነው፤ ዛሬ ተከፈተ፣ ነገ ተዘጋ ሲባል አራት ወር አለፈ። በር ላይ ተገጣጠምንና ቅቤውን እኔ ተሸክሜ ገባሁ።

እሳቸው ልጅቱን እንዳዩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና፣ «ምነው ልጄ? ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አሉ።

«አመሰግናለሁ እትዬ!» አለች የእህቴ ልጅ ፊቷ በርቶ። «አሥራ አራት ኪሎ ቀንሻለሁ እኮ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። ደንግጠው ባልየውን ነው ያዩት።

ያቺ አስተያየት እስከ ቤቴ ተከተለችኝ። «ከሳሽ» የሚለው ቃል ፍርድ ቤት ውስጥ ሌላ ትርጉም አለው፤ ሲጠብቅና ሲላላ ይለያያል እንጂ ፊደሉ አንድ ነው። እንዲያው ሳስበው የሴትዮዋ ጥያቄም ክስ ነበር። ተከሳሹ ባል ነው፣ አማት ነው፣ ጎረቤት ነው። በእሳቸው አገር ሴት ወልዳ ከከሳች የሚጠየቅ ሰው አለ። ለእህቴ ልጅ ደግሞ መክሳቷ የራሷ ሥራ፣ የራሷ ድል ነው። በእነዚህ ሁለት ሴቶች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ትውልድ ብቻ አይመስለኝም። ረጅም ታሪክ አለው፤ የነገሥታትን ያህል ስላልተጻፈለት እንጂ።

ከአርባና ከሰማንያ ልጀምር። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ወንድ የወለደች ሴት ሰባት ቀንና ሠላሳ ሦስት ቀን፣ ሴት የወለደች ደግሞ አሥራ አራት ቀንና ስልሳ ስድስት ቀን እንድትቆይ ታዟል። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ኩፋሌም ለዚህ ምክንያት ይሰጣል፦ አዳም ወደ ገነት የገባው በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ነው። ሕጉ ስለ መንጻት ነው እንጂ ስለ ገንፎ የሚለው የለም። ገንፎውን የጨመሩበት ሴቶች ናቸው። ካህኑ «ከቤተ መቅደስ ራቂ» ያለውን ጊዜ እነሱ «ተኚ፣ ብዪ» ብለው ተረጎሙት። ወንድ ሲወለድ እልልታው እንደሚበዛ እናውቃለን፤ ሴት ስትወለድ ይቀንሳል። በቀን ቆጠራው ግን ነገሩ ይገለበጣል። በእልልታ የተቀነሰባት እናት በቀን እጥፍ ታገኛለች። እርግጥ ሰማንያውን ቀን ሙሉ ተኝታ የምትበላው ባለጸጋዋ ናት፤ የድሃዋ ወገብ መቀነቱን አጥብቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይነሳል።

ይህ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። ቻይናዎች የወለደችን ሴት አንድ ወር ከቤት ሳያስወጡ ትኩስ ትኩሱን ይመግቧታል። በላቲን አሜሪካም አርባ ቀን ይቆጠራል። የሰው ልጅ አራስ ለብቻዋ እንደማትቆም ቀድሞ የገባው ይመስላል።

በቢቸናና በሞጣ አገር የአራስ ማዕድ ምን ይመስላል? ከጮቄ ወገብ ካለው ደጋ ገብሱና አጃው ይመጣል፤ የቢቸና ዙሪያ መረሬ አፈር ጤፉንና ስንዴውን ያበቅላል። የገብስ ገንፎ መሀሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤና በርበሬ ይሞላበታል። የአጃ አጥሚት፣ ተልባ፣ አብሽ፣ ማር፤ አቅም ካለ ዶሮ፤ ከዚያ በላይ ካለም በግ። ምጥ ሲጠና «ማርያም ማርያም» እያሉ ያደሩት ሴቶች ሁሉ ከገንፎው ይቀምሳሉ። ወንድ አይገባም። እኔም የማውቀው በልጅነቴ ከእናቴ ቀሚስ ሥር ሆኜ ያየሁትን ያህል ነው።

የቅቤው ጉዳይ ግን ለብቻው መታየት አለበት። በገበሬ ቤት ቅቤ የዕለት ምግብ አልነበረም፤ ገበያ የሚወጣ ነገር ነው፤ ጨው የሚገዛበት፣ ጨርቅ የሚገዛበት። ላሟን የምታልበው፣ ወተቱን የምትንጠው፣ ቅቤውን ተሸክማ ገበያ የምትወርደው ያቺው ሴት ናት። ጠግባ የምትበላው ግን ስትወልድ ነው። ሞላ ብላ፣ ጉንጯ ወጥቶ፣ ሻሿን አስራ ለክርስትና ስትቀርብ ያያት ሁሉ «ተስማምቷታል» ይላል። ምስጋናው የእሷ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ነው። የባልየው ጎተራና በረት በሚስቱ ጉንጭ ላይ ይነበባል።

ከዚያስ? ሕፃኑ ይጠመቃል፤ በማግስቱ እንስራው፣ ማገዶው፣ የሞተር ወፍጮ ባልነበረበት ዘመን ደግሞ የድንጋዩ ወፍጮ ይጠብቃታል። ሥጋው ብድር ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በአርባ ቀን የተበደረችውን በአንድ ዓመት ትከፍላለች፤ ያውም እያጠባች። የምታጠባ እናት በቀን እስከ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል ይላሉ ሐኪሞች፤ አንድ ደህና ምሳ ማለት ነው። ይህ ምሳ ከሌማቱ ካልመጣ ከገላዋ ይመጣል።

በዚህ ላይ ጾሙን ጨምሩበት። አራስ እስከ ክርስትና አትጾምም። በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን፣ ወንድ ልጅ ብትወልድ አርባው የሚሞላው የካቲት 20 ነው፤ ሴት ብትወልድ ሰማንያው መጋቢት 30። በአብዛኛው ዓመት ይህ ሁዳዴ ነው። የንስሐ አባቷ ቢፈቅዱላት እንኳ እሷ እምቢ ትላለች፤ አርባ ቀን ከማኅበሩ ተለይታ የቆየች ሴት መመለሷን የምታሳየው በጾሙ ነው። ስለዚህ ከቅቤው ወደ ሽሮው የምትሻገረው በአንድ ቀን ነው። መክሳቱም በዚያው ይጀምራል። ያን ጊዜ «ምነው ከሳሽ?» የሚላት አልነበረም፤ እንደ ሁሉም ሰው ሆነች፣ በቃ።

ብድሩን የሚያበድር ቤት የጠፋበት ጊዜም ነበር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀው፤ ክፉ ቀን ተባለ። የታሪክ መጽሐፎቻችን በሬው አልቆ መሬቱ ጦም ማደሩን በሚገባ ይተርካሉ። ላሟም አብራ ሞታለች። የእነዚያ ዓመታት አራሶች ምን እንደቀመሱ ማንም አልጻፈም። ይህ ልማዳችን ነው። በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የቢቸና ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ሲያምፅ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን አዘመተበት፤ በኋላም ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሱ፣ ግብሩም በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። ስለዚያ አመፅ ምሁራን ብዙ ጽፈዋል፤ ደግ አደረጉ። የገበሬው አንዱ ቅሬታ ገቢውን የሚገምተው ሰው ነበር። እኔ ግን ሳነብ ሁልጊዜ የምጠይቀው አለኝ፤ ገማቹ ማሳና በሬ ሲያይ ለአራሷ የወጣውን ቅቤና ገብስ ከወጪ ይጽፈዋል? ልቦለዳችንም ከዚህ አይሻልም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ልጅ የሚወለድባቸውን ታሪኮች ስናነብ፣ ከእልልታው በኋላ ደራሲው ልጁን ተከትሎ ይወጣል፤ እናቲቱ እዚያው መደብ ላይ ትቀራለች።

ሌላም መክሳት አለ፤ ስለ እሱ ሲወራ ቡና አይፈላም። በልጅነቷ የተዳረች፣ ዳሌዋ ሳይጠና ያረገዘች ልጅ ሁለትና ሦስት ቀን ስታምጥ ሕፃኑ ይሞታል፤ የፊኛዋ ግድግዳ በጫናው ብዛት ይበሳና ሽንቷ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ፌስቱላ ነው። ጎጃም ደግሞ በልጅነት በመዳር የታወቀ አገር ነው። ልጅቱ እንዳይፈስባት ብላ ውኃ መጠጣት ትተዋለች፤ ምግቧንም ትቀንሳለች። ጥጓን ይዛ ተኮራምታ ከመተኛቷ የተነሳ እግሯ አልዘረጋ ያላት፣ አጥንቷ የቀረ አለች። እሷም እኮ ወልዳ የከሳች ሴት ናት። ግን ልጁ ስለሌለ አራስ የሚላት የለም፤ ገንፎም አይገነፋላትም። በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ አዲስ አበባ የመጡት ሐኪሞች፣ ካትሪንና ሬጅናልድ ሐምሊን፣ ለእነዚህ ሴቶች የተለየ ሆስፒታል እስከ መክፈት የደረሱት ይህንኑ አይተው ነው። በ1997 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ ሲከፈት ለሞጣና ለቢቸና ሰው መንገዱ አጠረ። በጣም ተጎድተው የሚመጡትን ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጀመሪያ ማብላት እንደሚያስፈልግ የሐኪሞቹ ልምድ ነው። አራስነቷን እዚያ ጀመረችው ማለት ይቻላል።

የኢትዮጵያ ሴት በአገር ደረጃ ሚዛን ላይ ወጥታ የተመዘነችው በቅርቡ ነው። በ1992 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ልጅ በመውለድ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ከመቶ 30ዎቹ ከሚገባው በታች ቀጭን ሆነው ተገኙ። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 22 ወረደ፤ ከልክ በላይ ወፍራም የተባሉት 8 ነበሩ። እንግዲህ «ወልጄ ወፈርኩ» የምትለው ሴት ወሬ ከተማውን ቢሞላውም፣ በቁጥር የሚበዙት በሌላው ወገን ያሉት ናቸው። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ1992 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። ለዚህ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ ደስ ይለኛል፦ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ መሥራት ጀመሩ። ሴቶቹ «እዚያ ማን ይገነፋልናል?» ብለው ሲቀሩ ገንፎውና ቡናው ወደ ጤና ጣቢያው ገባ። የኦሪት ሕግ ያላሰበውን የሞጣ ሴቶች ጨመሩ፤ ጤና ጥበቃ ደግሞ ከእነሱ ተማረ።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም የራሱን ቀን ቆጥሯል። አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር፤ ሴት ልጅ የወለደችዋ ከኦሪቱ ሃያ ቀን ተቆርጦባት ነበር ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዘጠና አደረገው፤ ወንድ ሴት ሳይል። ጥሩ ነው። ቀጣሪ የሌላት የቢቸናዋ ገበሬ ግን ፈቃድ የምትጠይቀው ከማን ነው?

በእህቴ ልጅ ልቀልድ አልፈልግም። እርግዝናው ላይ ስኳሯ ከፍ ብሎ ሐኪሟ እንድትቀንስ ነግሯታል። የቀነሰችውም ጦሟን አድራ አይደለም፤ ከወሊዱ ጋር አብሮ የሄደ ነበረበት፣ ቀሪውን እያጠባች፣ በኋላም ደረጃ እየወጣችና እየወረደች፣ ሰፈሯን በእግሯ እየዞረች ነው ያወረደችው። የማልወደው በሦስት ሳምንት ወገብሽን እንመልሳለን የሚለውን ማስታወቂያ ነው። የሕፃኑ አፍ ገና ከጡቷ ሳይላቀቅ መስተዋት ፊት የሚያቆማት። የድሮዋን ቤቱ ለገጹ ሲል ያወፍራት ነበር፤ የዛሬዋን ፎቶግራፉ ለገጹ ሲል ያከሳታል። ሆኖም የእህቴ ልጅ የምትተወው ቅቤ አላት። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ሴትዮዋ ቢቸና ስላለችው የልጃቸው ሚስት አነሱ። በዚሁ ሰሞን ነው የወለደችው፤ ሴት ልጅ።

«እሷስ እንዴት ናት እትዬ?» አለች የእህቴ ልጅ።

«ከሳች» አሉ። በዚህኛው «ከሳች» ማንም አልሳቀም። «ቅቤስ አድርሼላት ነበር። ማዳበሪያ ሲጠፋ ሸጡት። በአሥራ አምስተኛው ቀን ምጣድ ላይ አገኘኋት።»

የእህቴ ልጅ ተነሳችና ቅቤውን ከማድቤት አመጣችው። «ይሄን ይዘውላት ይሂዱ» አለች። «እኔ ሐኪሜም አይፈቅድልኝ።»

«ወዲያ! የአራስ ቅቤ ከገባበት ቤት አይወጣም!» ተቆጡ ሴትዮዋ። እሷ ትላለች፣ እሳቸው እምቢ ይላሉ። ባልየው መሀል ሊገባ ሲል ሁለቱም በዓይናቸው አስቀመጡት። በረካው ተጠጥቶ ሲያልቅ ተስማሙ፤ ቅቤው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ተነጥሮ ፍሪጅ ገባ። ሌላው ግማሽ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በላዩ አራት ኪሎ የአጃ ዱቄትና ለሕፃኗ የሚሆን ልብስ ተጨምሮበት ከረጢት ውስጥ ተቀመጠ። ማክሰኞ ሌሊት አሥር ሰዓት መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ሹፌሩ እስከ ቢቸና ክፍት ነው ብሎናል።