ሰባራ ድልድይ፦ ለጎማ ያልተሠራ መንገድ

መንገደኛው ገመዱን በብብቱ ሥር አሳልፎ ደረቱ ላይ ይቋጥራል። ከፊቱ የድንጋዩ ድልድይ ተቆርጦ ያልቃል፤ ከወዲያ ማዶ እንደገና ይጀምራል። መካከሉ ባዶ ነው፤ ከባዶው ሥር ዓባይ። ወዲህና ወዲያ የቆሙት ሰዎች ገመዱን ወጥረው «በል!» ሲሉት እግሩን ከድንጋዩ ያነሣል። ጥቂት በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይሄድና የማዶዎቹ እጆች ተቀብለው ያሳርፉታል። ሞጣን ከበጌምድር በሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ ሰው እንዲህ እየተሻገረ ስድሳ ዓመት ያህል ኖረ። ገበያተኛው፣ ለቅሶ ደራሹ፣ ለንግሥ የሚሄደው፣ ልጁን ሊድር የወጣው ሁሉ በዚያች ገመድ አልፏል።

ይህን ድካም ያመጣው የአገሩ አቀማመጥ ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄድና ዞሮ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፤ ጎጃምም እንደ መቀነት ታጥቆታል። በበጋ ውኃው ሲጎድል መልካ አይጠፋም። ክረምት ሲገባ ግን መቀነቱ ይጠብቃል። ዘመድ ከዘመዱ፣ ነጋዴም ከደንበኛው ተቆራርጦ ጥቅምትን ይጠብቃል።

የኖራ ሥራ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሲገባ በዚህ ወንዝ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቀስት አድርጎ ማቆም ተቻለ። ጢስ ዓባይ አጠገብ አላታ ላይ ያለው ድልድይ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ሰባራ ድልድይ የሚያያዘው ከልጃቸው ከአፄ ፋሲል ጋር ነው፤ አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ነገሡ። የውጭ አገር ተጓዦች «ሁለተኛው የፖርቱጋል ድልድይ» እያሉ ጽፈውለታል። ስሙ ቅር ያሰኛል። አፄ ፋሲል በፖርቱጋል የሚደገፉትን የካቶሊክ ሰባኪዎች፣ ኢየሱሳውያኑን፣ ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው፤ እሳቸው ያሠሩትን ድልድይ ለተባረረው እንግዳ መስጠት ፍርድ ማጓደል ነው።

ድልድዩ ሲሠራ በዚያ አገር ላይ የሚሽከረከር ጎማ አልነበረም። ስፋቱ የተለካው ለሰው፣ ለበቅሎና ለተጫነ አህያ ነው። የጎጃም መንገድ ሁሉ እንዲሁ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ከእናርያ የመጣ ቡና፣ ዝባድና ወርቅ ይዞ በጉድሩ በኩል ዓባይን ይሻገርና ከሉማሜ ከተማ ብዙም በማይርቀው በባሶ ገበያ ላይ ያራግፋል። ከዚያ ዕቃው ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ ምጽዋ ይወጣል። ከሰሜን የሚመጣው ደግሞ አሞሌ ጨው ነው፤ ሲሻ ወጥ ውስጥ የሚገባ፣ ሲሻ እንደ ገንዘብ የሚቆጠር። በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። የመንገዱን ታሪክ የሚያወሳ ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ የለበትም።

የጉዞው ልክ የበቅሎ እርምጃ ነው። ጎህ ሳይቀድ ይጫናል። ጭነቱ ግራና ቀኙ ካልተመዛዘነ የበቅሎዋ ጀርባ ስለሚገጠብ አጋሰስ ጫኝ እንደ ሚዛን ሠሪ ይጠነቀቃል፤ አንዱን ወገን በክንዱ ደግፎ ሌላውን በጠፍር ይስባል፣ ፈቅ ብሎ ያያል፣ ደግሞ ይፈታል። ፀሐይ ሳታይል ይራገፋል፤ ከብቱ ይግጣል፣ ሰዉ በሶውን በቅል በጥብጦ ይጠጣል። ርቀትም የሚነገረው በዚሁ ልክ ነው፤ «የግማሽ ቀን መንገድ ነው»፣ «ሁለት አዳር ነው» እየተባለ። ጠጅ በዚያ ዘመን የመኳንንት መጠጥ ስለነበር መንገደኛውን የምትቀበለው ጠላ ናት። ጌሾው መረር ያለ ጠላ ከቁልቁለት ለወጣ ሰው ምን እንደሆነ የቀመሰው ያውቃል።

ፈረንሳይና ጎጃም የተዋወቁትም በዚህ እርምጃ ነው። አንቷንና አርኖ ዳባዲ የሚባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1838 ምጽዋ ደርሰው ለአሥር ዓመት ያህል አገሩን ዞሩ። አርኖ የጎጃሙ ገዥ የደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ወዳጅ ሆኖ ከግቢያቸው ተቀመጠ። አንቷን መለኪያ መሣሪያውን ተሸክሞ ተራራ ከተራራ እያነጻጸረ ካርታ አወጣ፤ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትም ሰበሰበ። በኋላ ሀንዳይ በሚባል የፈረንሳይ ጠረፍ ከባሕሩ አፋፍ ላይ ባሠራው ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ አማርኛ አጻፈ። በበቅሎ ጀርባ ላይ የተማረው አማርኛ ዛሬም እዚያ ይነበባል።

ድልድዩ የተሰበረው በጠላት ወረራ ዘመን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ምሥራቅ ጎጃም የእነ በላይ ዘለቀ አገር ነበር። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው ገደልና ቆላ ለአርበኛ ምሽግ፣ ለጣሊያን ጦር ራስ ምታት ሆነ። ጠላት እንዳይሻገርበት የድልድዩ ወገብ ተቆረጠ። ለነፃነት ሲባል የተቆረጠ መንገድ ነውና የሞጣ ሰው ስሙን ሲጠራ በቁጭት ብቻ አይጠራውም። ጠላት ወጣ፤ ድልድዩ ግን ሰባራ እንደሆነ ቀረ። ሁለት መንግሥት አለፈበት።

እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ስለ ዓባይ ጉዞ ባወጣው ጽሑፍ ላይ የዚያ የገመድ መሻገሪያ ፎቶግራፍ ወጣ። ፎቶግራፉን ያየ ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሰው የእግር ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። በ2002 በክፍተቱ ላይ ብረት ተዘረጋ፤ ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ ቁልቁለቱን የወረደው በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2005 የክረምት ሙላት ብረቱን ጠራርጎ ወሰደው። በ2009 ሙላት ከማይደርስበት ከፍታ ላይ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ ተሠራ። እሱም ለሰውና ለከብት እንጂ ለመኪና አይደለም።

መኪናውን የወሰደው ሌላው መንገድ ነው። ደጀን ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ በሉማሜ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በቢቸናና በሞጣ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ሉማሜ ዛሬ የአስፋልት ልጅ ናት። ገበያ ቀን ግን ከመኪናው የሚበልጠው እግረኛው ነው። ጤፍ የጫነች አህያና ዶሮ ያንጠለጠለች ሴት ከአስፋልቱ ዳር ጠጠር ላይ ይሄዳሉ፤ ከባድ መኪና ሲያጓራ አህያይቱ ትደነብራለች። ለእነሱ የተሠራው መንገድ እንዴት የሌላ እንደሆነ ማንም የጠየቃቸው የለም።

ፈረንሳዮች ይህን ጥያቄ የጠየቁት ዘግይተው ነው። በቡርጎኝ ወይን አገር የነበረውን የባቡር መስመር መኪና ገፍቶ አስጣለው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ 44 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የተተወ ሐዲድ ተነሥቶ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ ተለቀቀ። ስሙን «አረንጓዴ መንገድ» አሉት። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ሕፃንም ሽማግሌም ይነዳበታል። ግራና ቀኙ የወይን ማሳ ነው። መንገዱ ከክሉኒ ወዲያ በቀጠለበት በኩል ያለው 1,600 ሜትር ዋሻ በክረምታቸው የሌሊት ወፎች ተኝተው እንዳይረበሹ ይዘጋል። ቦርዶ አጠገብም እንዲሁ በአሮጌ ሐዲድ ላይ በወይን አትክልት መካከል የሚያልፍ የብስክሌት መንገድ አለ፤ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1937 ቱር ደ ፍራንስን ባሸነፈው በሮዤ ላፔቢ ስም ነው። መኪና የሌለበት ጎዳና ለማግኘት ያን ያህል ሥራ ሠርተዋል። የሞጣው የበቅሎ መንገድ ግን ሐዲድም መኪናም ሳያውቀው በቆየበት ልክ ዛሬም አለ።

ብስክሌቱስ? ብስክሌት ዓባይ በረሃን አይወርድም። በደጋው ሜዳ ላይም በበጋ እንጂ በክረምት አይቻልም፤ ዋልካው ጎማው ላይ ተጠቅልሎ በፓራፋንጎው ሥር ይጠጥርና ነጂው ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ ይገባል። የብስክሌት አገር ባሕር ዳር ናት። ፓራፋንጎ፣ ካላማዳሪያ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ሁሉ የጣሊያን ናቸው። ድልድዩን ያሰበረው ወረራ እነዚህን ቃላት ጥሎ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የቆመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራ ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ጥላ አላት፤ ሠራተኛውም ተማሪውም ብስክሌት ለመደ። በኋላ ባጃጅ መጥቶ ብዙውን ሰው ወሰደ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግን 380 ሜትር ርዝመቱን ሲዘረጋ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር ተከልሎለታል። በዓባይ ላይ ለእግረኛ ታስቦ ድልድይ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ አላታና ሰባራ ድልድይ ቀድመዋል።

የሞጣን ቁልቁለት አስጎብኚ እንደሚያወራው ብቻ ማውራት ግን አይገባም። ምጥ የጠናባት ሴት በዚያ ዳገት በቃሬዛ ትወጣለች፤ ተሸካሚዎቹ እየተቀባበሉ፣ እየሮጡ፣ በየማረፊያው ለሚያገኙት ሰው ትከሻ እየለመኑ። አምቡላንስ የሚደርስበት መንገድ ይገባታል። የበቅሎው መንገድም ይገባታል፤ ገበያዋ፣ ዘመዷ፣ ደብሯ ያሉት በእሱ ላይ ነው። ድንጋዩ ሲናድ የሚጠግነው፣ ጎርፍ ሲሰብረው የሚደለድለው አሁንም የአካባቢው ሰው በደቦ ነው።

ዛሬ ከሞጣ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ሁለቱን ድልድዮች ባንድ ላይ ያያል። አዲሱ በሽቦ ላይ ይወዛወዛል፤ አህያ የሚወዛወዝ ነገር መርገጥ ስለማትወድ ባለቤቷ አንገቷን አቅፎ፣ በጆሮዋ እያወራ ያሻግራታል። ከታች ወገቡ የተቆረጠው የፋሲል ድንጋይ ቀስቶቹን ይዞ ቆሟል።