ሸክሙ በማን ላይ ነው? የሊኑክስ ቲን ክላየንት ታሪክና የብልሽት ፍለጋ ሥርዓት



ቲን ክላየንት የምንለው ሲበራ ሥርዓተ ክወናውን ከኔትወርክ የሚቀበል፣ ፕሮግራሞቹም በአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር ላይ የሚሠሩለት አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። ዛሬ ላስረዳ የምሻው አንድ ነገር ነው፤ የዚህ ሥርዓት ታሪክ የሥራው ሸክም በሰርቨርና በተርሚናል መካከል ሲዘዋወር የኖረበት ታሪክ ነው፤ ብልሽቱም ሸክሙን ተከትሎ ተጉዟል።

መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካው ኤምአይቲ፣ ቦብ ሻይፍለርና ጂም ጌቲስ ኤክስ ዊንዶው የተባለውን ሥርዓት በጀመሩ ጊዜ ነው። በዚህ ሥርዓት ፕሮግራሙ በአንድ ማሽን ላይ እየሠራ መስኮቱ በሌላ ማሽን ስክሪን ላይ ይታያል። በኔትወርኩ የሚተላለፈው በአብዛኛው መስመር እንዲሰመርና ፊደል እንዲጻፍ የሚያዝ አጭር መልእክት ስለነበር ጭነቱ ቀላል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 ጂም ማክኩዊላን በአሜሪካ ኤልቲኤስፒ የተባለውን ፕሮጀክት መሠረተ። ፕሮጀክቱ አስቀድሞ የነበሩ መሣሪያዎችን በአንድ ሰንሰለት አያያዘ፤ ዲኤችሲፒ አድራሻ ይሰጣል፣ ቲኤፍቲፒ ከርነሉን ያደርሳል፣ ኤንኤፍኤስ የፋይል ሥርዓቱን ያቀርባል፣ በመጨረሻም የመግቢያው ገጽ ይከፈታል። አሮጌ ኮምፒውተሮች ብቻ የነበሯቸው ትምህርት ቤቶች በደስታ ተቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ2001 በኖርዌይ የተጀመረው ስኮሌሊኑክስም ተጠቀመበት። ሠላሳ ማሽን ከመጠገን አንድ ሰርቨር መጠበቅ ይቀላልና። ዋጋው ግን ከባድ ነበር፤ ሰርቨሩ ሲቆም ትምህርቱም አብሮ ይቆማል።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። የሰንሰለቱ ቅደም ተከተል የብልሽት ፍለጋውም ቅደም ተከተል ሆነ። ተርሚናሉ አድራሻ ካላገኘ ከርነሉን መመርመር ከንቱ ድካም ነው። አድራሻ አግኝቶ ከርነሉን ካጣ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በዚያው ኔትወርክ ላይ የተሰካ ሌላ አድራሻ ሰጪ፣ ለምሳሌ ተራ ራውተር ነው። እሱ ቀድሞ ይመልሳል፤ ከርነሉ የሚገኝበትን ስፍራ ግን አይናገርም። የዋናው ሰርቨር ቅንብር ምንም እንከን ሳይኖርበት ክፍሉ ይጨልማል።

አምስተኛው የኤልቲኤስፒ ትውልድ ለደኅንነት ሲባል የተጠቃሚውን ግንኙነት በኤስኤስኤች መሰጠረ፤ በብዙ ቦታም የተርሚናሉን የፋይል ሥርዓት በአንድ የታመቀ ምስል አደረገው። ከዚህ አዳዲስ ብልሽቶች ተወለዱ። ባለሙያው ቅንብሩን ለውጦ ምስሉን እንደገና ካልሠራ ለውጡ ፈጽሞ አይታይም። የሰርቨሩ አድራሻ ተቀይሮ ቁልፎቹ ካልታደሱ የይለፍ ቃሉ ትክክል ቢሆንም መግቢያው ይዘጋል። ምስጠራውም ደካማ ፕሮሰሰር ያላቸውን ተርሚናሎች አዘገመ።

ከሁሉ የከበደው ፈተና ግን ከድረ ገጽ ሥዕልና ከቪዲዮ መጣ። አሳሹ በሰርቨሩ ላይ ቢሠራም ትልልቅ ሥዕሎቹ በተርሚናሉ ሜሞሪ ውስጥ ይከማቹ ስለነበር፣ ሰርቨሩ የተትረፈረፈ ሜሞሪ እያለው ተርሚናሉ ይደርቅ ነበር። ቪዲዮውን ደግሞ እናስላው። 1024 በ768 የሆነ ስክሪን በ24 ቢት ቀለም ሲሞላ አንዱ ምስል 2.36 ሜጋባይት ያህል ነው። በሰከንድ 25 ምስል ቢላክ 59 ሜጋባይት፣ ማለትም 472 ሜጋቢት ገደማ ይሆናል። 100 ሜጋቢት የሚያሳልፍ መስመር ይህን ለአንድ ተማሪ እንኳ ማድረስ አይችልም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሰርቨሩን ፕሮሰሰር መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጠባቡ በር መስመሩ ነውና።

ስለዚህ ሸክሙ ወደ ተርሚናሉ መመለስ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ አዲስ የተጻፈው ኤልቲኤስፒ ሥርዓተ ክወናውን ከሰርቨሩ እያስነሣ፣ ፕሮግራሞቹ ግን በራሱ በተርሚናሉ ፕሮሰሰርና ሜሞሪ እንዲሠሩ ያደርጋል። ማዕከላዊ ጥገናው ቀረ አልተባለም፤ የቪዲዮው ሥራ ብቻ ወደ ተመልካቹ ቀረበ።

ለእናንተ ለወጣት ባለሙያዎች የማስተላልፈው ምክር ይህ ነው። ክፍሉ ሲዘገይ አዲስ ዕቃ እንዲገዛ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ይህን ሥራ አሁን የሚሠራው የትኛው ማሽን እንደሆነ፣ ውጤቱም በየትኛው መስመር እንደሚያልፍ ለዩ። ይህን ሳይለዩ የሚወጣ ገንዘብ ችግሩን ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አይፈታውም።