ጉለሌ፣ ጽድ እና ባሕር ዛፍ

በመስከረም ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልን የሚጎበኝ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዐደይ አበባውን ነው። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝና ተማሪዎቼን አስቀድሜ ባሕር ዛፉ ሥር አቆማቸዋለሁ። «መሬቱን እዩት» እላቸዋለሁ። ከደረቅ ቅጠልና ከተላጠ ቅርፊት በቀር ብዙ ነገር የለበትም። ሀገር በቀሎቹ ወዳሉበት ስንሻገር ግን ቀጋው፣ ክትክታው፣ ቢጫ አበባ የያዘው አምጃ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይቀበለናል።

ማዕከሉ ያረፈበት የእንጦጦ ተራራ ታሪክ የአዲስ አበባ የማገዶ ታሪክ ነው። አፄ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ቤተ መንግሥቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የወታደሩ ጎጆም የሚሠራው፣ እንጀራውም የሚጋገረው ከዙሪያው በሚቆረጥ እንጨት ነበር። በ1879 ዓ.ም. ግድም እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ሜዳ ላይ አዲስ አበባን ከቆረቆሩ በኋላ ጫናው ባሰ። ነገሥታቱ እንጨት ሲያልቅባቸው ከተማቸውን ነቅለው መሄድ ልማዳቸው ነበርና፣ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ሕንፃው ኋላ ደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባም ሳትነቀል ቀረች።

ላለመነቀሏ ትልቁ ምክንያት ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ግድም ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ አስገባው የሚባለው ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለማገዶና ለቤት ማገር ይደርሳል። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጽድ እስኪደርስ ዕድሜ ይጠይቃል፤ ጎጆ የሚቀልስ ሰው ያን ያህል አይጠብቅም።

ባሕር ዛፍን ጠላት አድርገው ሲያወሩት አልወድም። እናቴ ከእንጦጦ ቅጠል ጠርጋ፣ በጀርባዋ አዝላ ወርዳ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ እየሸጠች ነው ያስተማረችኝ። ዛሬም ሸክሙን ተሸክመው ቁልቁለቱን የሚወርዱ እናቶች አሉ። ውኃ መምጠጡና ሥሩን ባዶ ማድረጉ እውነት ነው፤ ከተማዋን ማቆሙም እንዲሁ እውነት ነው።

የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2002 ዓ.ም. ግድም ያቋቋሙት ይህ ማዕከል 705 ሄክታር ይሸፍናል። ሥራው ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ እያነሱ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ መተካት ነው። ከጀርባው ሌላም ትልቅ ድካም አለ፦ ስድስት ሺህ ያህል ዝርያዎችን የመዘገበው «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» የተባለው መጽሐፍ የተጠናቀቀው ማዕከሉ በተወለደበት ሰሞን ነው። የዕፅዋት ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውም በሁለቱም ውስጥ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ዕፅዋታችንን ቆጥረው በመጽሐፍ ላሰፈሩ ሰዎች የቀረው ሥራ ዕፅዋቱን መሬት ላይ ማኖር ነበር።

እኔ ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። ሁሉንም ባሕር ዛፍ አትቁረጡት። አንድ ጥግ ላይ ጥቂት ይቅር፤ ሰሌዳውም ላይ ከሳይንሳዊ ስሙ ሥር አዲስ ዓለም ላይ ተጀምሮ የነበረው ቤተ መንግሥትና ቅጠል ተሸካሚ እናቶች ይጻፉ።