የጧት ቴሌቪዥን እንዴት ተጀመረ?

ሰው ከእንቅልፉ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ተሰማ?» ብሎ ነው። በጥንት ዘመን ይህን ጥያቄ የሚመልስ ጎረቤት ወይም መንገደኛ ነበረ። በኋላ ጋዜጣና ራዲዮ፣ ከዚያም ቴሌቪዥን ይህን ሥራ ተረከቡ። እኛም የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከትምህርት ቤታችን ከመሰናበታችን በፊት፣ የጧት የዜናና የጨዋታ ዝግጅት ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለመግለጽ አሰብን። የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴሌቪዥን በአሜሪካ መስፋፋት በጀመረ ጊዜ፣ ሰው ወደ ሥራው በሚጣደፍበት ሰዓት ተቀምጦ የሚመለከት ይገኛል ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበር። ነገር ግን በ1950 በፊላዴልፊያ ከተማ ኤርኒ ኮቫክስ የተባለ ቀልደኛ በማለዳ ዝግጅት አቅርቦ ተመልካች አገኘ። ከዚህ በኋላ የኤን.ቢ.ሲ. ኩባንያ ሹም የነበረው ሲልቬስተር ዊቨር «ዛሬ» የተባለውን ዝግጅት አቀደ፤ ይኸውም ጃንዋሪ 14 ቀን 1952 ከኒውዮርክ ተጀመረ። ሰዓቱ እኛ እንደምንቆጥረው ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነበር። አቅራቢው ዴቭ ጋሮዌይ ረጋ ባለ አነጋገር ዜናውን፣ የአየሩን ጠባይና ጨዋታውን ያቀርብ ነበር። የስቱዲዮው መስኮት ወደ መንገድ የሚያሳይ ስለ ነበር፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል፤ እርሱም በቴሌቪዥን ይታያል።

በመጀመሪያ ግን ዝግጅቱ ብዙ ነቀፌታ ደረሰበት። በ1953 ጄ. ፍሬድ መግስ የተባለ ትንሽ ቺምፓንዚ ከአቅራቢው አጠገብ በተቀመጠ ጊዜ ተመልካቹ በዛ። ነገር ግን በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ ዘውድ ስትጭን፣ ጣቢያው የበዓሉን ዜና ከዚሁ እንስሳ ጋራ አቀላቅሎ በማቅረቡ እንግሊዞች እጅግ ተቆጡ። ተወዳዳሪው ሲ.ቢ.ኤስ. ደግሞ በ1954 ባቋቋመው የጧት ዝግጅት፣ በኋላ በዜና አቅራቢነቱ እጅግ የተከበረውን ዋልተር ክሮንካይትን ከአሻንጉሊት አንበሳ ጋራ አነጋገረው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን ይልቁንም ያስደነቀን የባርባራ ዋልተርስ ነገር ነው። በ1961 በጸሐፊነት ወደ «ዛሬ» ገባች። በዚያን ጊዜ ለሴቶች ይሰጥ የነበረው እንደ ፋሽንና እንደ አየር ጠባይ ያለ ቀላል ሥራ ነበር። በ1971 ዋና አቅራቢ የሆነው ፍራንክ ማክጊ፣ ታላላቅ እንግዶች ወደ ስቱዲዮ ሲመጡ የመጀመሪያዎቹን 3 ጥያቄዎች እርሱ ካልጠየቀ እርሷ እንዳትጠይቅ አደረገ። እርሷም ከስቱዲዮ ውጭ እየሄደች እንግዶቹን ባሉበት ታነጋግር ጀመር፤ በዚያ ደንቡ አይደርስባትም ነበርና። በ1974 ማክጊ ሲሞት ከዋናዎቹ አቅራቢዎች አንዷ ሆነች፤ በ1976ም በአሜሪካ ታላላቅ ጣቢያዎች የማታ ዜና በአቅራቢነት የተቀመጠች የመጀመሪያዪቱ ሴት ለመሆን በቃች።

በ1975 ኤ.ቢ.ሲ. «እንደምን አደርሽ አሜሪካ» የተባለውን ዝግጅት አቋቋመ። በእንግሊዝ አገር ቢ.ቢ.ሲ. የቁርስ ሰዓት ዝግጅቱን የጀመረው ጃንዋሪ 17 ቀን 1983 ሲሆን፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ቲቪ ኤኤም የተባለው የንግድ ጣቢያ ተከተለው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬ በአገራችንም በጧት ዜናና ጨዋታ ማቅረብ የተለመደ ነገር ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ቁም ነገርና ጨዋታ በአንድ ገበታ መቅረባቸው ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረ ነው። በእኛ አስተያየት ጨዋታው ራሱ ክፉ አይደለም፤ የደከመ ሰው በማለዳ ቢሥቅ ምን ይጎዳል? ጉዳቱ ተመልካቹ የትኛው ዜና፣ የትኛው ማስታወቂያ፣ የትኛው ቀልድ እንደ ሆነ መለየት ሲያቅተው ነው። ደግሞም አድማጭ የሚያውቀው የተጠየቀውን ያህል ስለ ሆነ፣ ማን እንዲጠይቅ እንደ ተፈቀደለት መመልከት ይገባል።

ስለዚህ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ በጧት የሰማችሁትን ሁሉ ወደ ክፍል ይዛችሁ ግቡ፤ ነገር ግን ለጓደኛ ከማውራታችሁ በፊት መርምሩት። እኛን መምህራኖቻችን ያስተማሩን ይህንኑ ነው።