ከሰላችን ውስጥ ምን አለ?

ከሰል ሲባል የሚታየን ጀበናና የበቆሎ እሸት ነው፤ ላቦራቶሪ ማን ትዝ ይለዋል? ከአዊ በጆንያ ተጭኖ አዲስ አበባ የሚገባው ከሰል ግን የፊዚክስ ታሪክ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1942 ሮዛሊንድ ፍራንክሊን በ22 ዓመቷ በብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ምርምር ማኅበር ተቀጠረች። ሥራዋ ከሰል ውስጥ ያሉትን ረቂቅ ቀዳዳዎች መለካት ነበር። ኋላ ፓሪስ ሄዳ የካርበን አቶሞችን አደራደር በኤክስሬይ መረመረች። በ1951 ያሳተመችው ጽሑፍ ካርበንን ለሁለት ከፈለው፦ በኃይለኛ ሙቀት ወደ ግራፋይት የሚለወጥና እስከ 3000 ዲግሪ ቢግል እንኳ እምቢ የሚል። የእምቢተኛው ንጣፎች እርስ በርስ ተቆላልፈዋል፤ ተስተካክለው መደርደር አይችሉም። የእንጨት ከሰል ከዚህ ወገን ነው። በዲ.ኤን.ኤ. ስሟን ያስጠራው የኤክስሬይ ችሎታዋም የዳበረው በዚሁ ካርበን ላይ ነው።

በዳንግላና በእንጅባራ መካከል፣ ፋግታ ለኮማ ላይ፣ ገበሬው ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ ተክሎ በጥቂት ዓመታት ይቆርጠዋል፤ በአፈር ከድኖ፣ አየር ነስቶ ያከስለዋል። እምቢተኛውን ካርበን በእጁ ይሠራል ማለት ነው።

ዛሬ ይህ ዓይነት ካርበን ለሶዲየም ባትሪ ይፈለጋል። ሶዲየም ግራፋይት ውስጥ በወጉ አይገባም፤ በተዘበራረቀው ካርበን ውስጥ ግን ቦታ ያገኛል።

በቅርብ ዓመታት ዲከረንስን ዋግ ሲመታው፣ ኑሮን በአንድ ዛፍና በአንድ ገበያ ላይ መጣል ምን እንደሚያስከፍል አይተናል። የትኛው ከሰል ለምድጃ፣ የትኛው ለባትሪ እንደሚሆን የሚለየው ልኬት ነው። እንጅባራ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከሰሉም ደጁ ላይ ነው። የሮዛሊንድን ጥያቄ እዚያው ብንጠይቅስ?