ከዕቃ ቤት እስከ ዐውደ ርእይ
ከእንጦጦ ደጃፍ የተነሣ ሐሳብ

ከየካ ሚካኤል በላይ ወዳለው ጋራ የወጣ ሰው ከአለት ተፈልፍላ የተሠራችውን ዋሻ ሚካኤልን ያገኛል። የአካባቢው ትውፊት ሥራዋን ለአብርሃና ለአጽብሐ ይሰጣል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቧታል። ጣሪያዋ ፈርሶ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ስትቋጥር የኖረች ይህች ቤተ መቅደስ የመስታወት ሣጥንም ሆነ የመብራት ጌጥ አላገኘችም። ሆኖም ከፊቷ የቆመ ሰው ሳይጠይቅ አይመለስም። ማን ፈለፈላት? በምን መሣሪያ? ለምንስ እንዲህ ቀረች? በአንጻሩ በመስታወት ተከልለው፣ በዘበኛ እየተጠበቁ፣ ጎብኚው አንድም ጥያቄ ሳያነሣ የሚያልፋቸው ቅርሶች ስንት ናቸው! የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይኸው ልዩነት ነው።

ቅርስን ሰብስቦ መጠበቅ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። አድባራትና ገዳማት በዕቃ ቤታቸው ዘውዱን፣ መስቀሉን፣ የብራናውን መጽሐፍና ካባውን ሲያኖሩ ኖረዋል። ዕቃው በአዘቦት ቀን ከዓይን የተሰወረ ነው፤ በዓል ሲደርስ ግን ይወጣል። ሲወጣም ብቻውን አይደለም፤ ከዜማው፣ ከሰልፉ፣ ማን እንደ ሰጠውና ስለ ምን እንደ ሰጠው ከሚናገር ካህን ቃል ጋር ነው። ምእመኑ ዕቃውን ከታሪኩ ነጥሎ አያየውም። ዘመናዊው ቤተ መዘክር ከዕቃ ቤቱ ቁልፉን ሲወርስ በዓሉን ረስቶት ወጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ አስተያየት እንጦጦ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የደፉት በእንጦጦ ማርያም ነበር። በደብሩ ቅጥር ግቢ ባለው ቤተ መዘክር የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ ጣይቱ አልባሳት፣ እንዲሁም ለቤተ ክርስቲያኑ የተበረከቱ ንዋያተ ቅድሳት ይገኛሉ። ከዚያው አጠገብ ደግሞ በእንጨትና በጭቃ የተሠራው፣ ክዳኑ ሣር የሆነው ቤተ መንግሥት ቆሟል። ካባውን አይቶ ወደ ጭቃው ግድግዳ የተሻገረ ጎብኚ፣ ማንም ሳይነግረው፣ የዚያን ዘመን መንግሥት በግንብ ሳይሆን በሥርዓትና በሰው ኃይል የቆመ እንደ ነበር ይረዳል። ይህን ያስተማረው የዕቃው ብዛት አይደለም፤ የሁለቱ ጎን ለጎን መሆን ነው። የዐውደ ርእይ ጥበብ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው። ነጋሪት በመስታወት ውስጥ ስትቀመጥ ዝም ያለች ቆዳና እንጨት ናት። ሹመት በእርስዋ ይሰጥ፣ ዐዋጅም በእርስዋ ይነገር እንደ ነበር፣ ድምፅዋን የሰማው ገበሬም ልቡ ስለ ግብርና ስለ ዘመቻ ይሰጋ እንደ ነበር ካልተገለጠ፣ «ነጋሪት» ብሎ መጻፍ ለሚያውቀው ትርፍ፣ ለማያውቀውም ጨለማ ነው።

ከእንጦጦ ግርጌ፣ በስድስት ኪሎ፣ ሌላ ምሳሌ እናገኛለን። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ደም የፈሰሰበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። በኋላም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር ማደሪያው ይኸው ሆነ። ፖላንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ በድካም መሰብሰብ የጀመሩት ቅርስ ለዚህ ቤት መሠረት ጥሏል። ውሎ አድሮ የባህሉ ክፍል ሲደራጅ ቅርሶቹ በየብሔረሰቡ መደርደሪያ ተከፋፍለው አልቀረቡም፤ በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ፣ ማለትም በልጅነት፣ በጉልምስና፣ በሞትና ከሞት በኋላ ባለው ሥርዓት ተራ ቀረቡ። ዕርምጃው ቀላል ይምሰል እንጂ ሐሳቡ ትልቅ ነው። በመደርደሪያ የተከፋፈለ ሕዝብ እርስ በርሱ እንግዳ ሆኖ ይታያል፤ በልደትና በሞት መንገድ የተሰለፈ ሕዝብ ግን ዘመድ ነው። ከኮንሶ የመጣው ጎብኚም ሆነ ከጎጃም የመጣው፣ የራሱን እናትና የራሱን ሐዘን በሌላው ዕቃ ውስጥ ያያል።

ሁለት ተጨማሪ ምሳሌዎችን በአጭሩ እንጥቀስ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ በብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ ስትታይ የኖረችው በአብዛኛው በቅጂዋ ነው። ነገር ግን አጽሟ ተሟልቶ ቆማ እንድትታይ ሲደረግ፣ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ጥቂት ብቻ እንደሚበልጥ ያየ ሕፃን ራሱን ከእርስዋ ጋር ይለካል። ቅጂ መሆንዋ ትምህርቱን አልቀነሰውም። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ደግሞ ከአስጎብኚዎቹ መካከል ከዚያ መከራ የተረፉ ሰዎች ይገኙበት ነበር። እዚያ ዕቃው ምስክር ሲሆን፣ ሰው የምስክሩ አንደበት ሆነ።

እንግዲህ አንድ ዐውደ ርእይ መሳካቱ በምን ይታወቃል? እኛ የተውኔት ሰዎች ተመልካቹ ሲሰለች ከመጋረጃ ጀርባ እንሰማዋለን፤ ያስላል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ያወራል። የዐውደ ርእይ ተመልካች ግን ሲሰለች ድምፅ የለውም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህም ጉዳዩ የሌላውን ዓለም ባለሙያዎችም ሲያስጨንቅ ኖሯል። የቦስተኑ ቤንጃሚን ጊልማን በ1916 እ.ኤ.አ. ጎብኚ መግለጫ ለማንበብ እንዴት እንደሚያጎነብስና አንገቱን እንደሚያጣምም በፎቶግራፍ አንሥተው፣ «የሙዚየም ድካም» የተባለው ከጎብኚው ስንፍና ሳይሆን ከአቀራረቡ እንደሚመጣ አሳዩ። የሥነ ልቡና ምሁሩ ኤድዋርድ ሮቢንሰንም በ1928 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ጎብኚው ከየዕቃው ፊት ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆም በሰዓት ለክተው አቀረቡ።

በእኛ ዘንድ ሁለት ማስረጃዎች በጣም ይታመናሉ፤ እነርሱም የትኬት ብዛትና የጎብኚዎች መዝገብ ናቸው። ይሁን እንጂ በአውቶቡስ ተጭነው የመጡ ተማሪዎች ቁጥር ስንት እንደ ገቡ እንጂ ምን ይዘው እንደ ወጡ አይናገርም። በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ምስጋናም የእንግዳ ትሕትና ነው፤ ቤት የጠራው ሰው ወጡ ጨው እንደ በዛበት አይናገርምና። መመዘኛው ሌላ መሆን አለበት። ጎብኚው የት ቆመ? የትኛውን ሳያየው አለፈ? ምን ጠየቀ? ማታ ቤቱ ሲገባ ለልጁ ምን ነገረ? ይህን ለማወቅ ብዙ ገንዘብ አያሻም። መግለጫው በብረት ከመቀረጹ በፊት በወረቀት ተጽፎ ለአሥር ሰዎች፣ ለተማሪውም ለወዛደሩም፣ ይነበብ፤ ያልገባቸው ይታረም። አንድ ሠራተኛ በጥግ ቆሞ ያስተውል፤ በመውጫው በር ላይም «ወደዱት ወይ?» ተብሎ ሳይሆን «ምን አስታወሱ?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ ቢመርም ይመዝገብ፤ ማስተካከያ ካልተደረገበት ግን ጥያቄው ለይስሙላ ይሆናል።

ወደ እንጦጦ እንመለስ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተመነጠረ ስላለቀ፣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሣት ደርሶ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዋን በስፍራዋ አጸናት። ይህ በየታሪክ መጽሐፉ አለ። በዚያው ባሕር ዛፍ ሥር ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሴቶች ከቁመታቸው የሚረዝም የማገዶ ሸክም አዝለው፣ ጎብጠው፣ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ኖረዋል። ከተማይቱን ያሞቀው እሳት በእነርሱ ጀርባ የተጓዘ ነው።

እነዚያ እናቶች በቤተ መዘክሩ ደጃፍ ሲያልፉ፣ በውስጥ ያለው ታሪክ የእነርሱም እንደ ሆነ የሚነግራቸው ነበርን? ከእቴጌይቱ ቀሚስ አጠገብ የአንዲት እንጨት ለቃሚ ገመድ ቢሰቀል፣ ቀሚሱ ክብሩ አይቀንስም፤ ገመዱ ግን ይናገራል። ዐውደ ርእይ ለማዘጋጀት የሚነሣ ሁሉ ሥራውን ከመክፈቱ በፊት አንዲት እንዲህ ያለች እናት ሸክሟን በር ላይ አሳርፋ እንድትገባ ይጋብዛት። ከአንዱ ዕቃ ፊት ቆማ «ይህንንስ እኔም አውቀዋለሁ» ካለች ያን ጊዜ በሩን ለሁሉም ይክፈት። ዝም ብላ ከወጣች ግን ሥራው ገና ነው።